ባሕር ሆነን የቆምንበት ቀን

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ከሶዶ መናኸሪያ ወደ ቤቴ በባጃጅ ስሄድ፣ ሹፌሩ በመስታወቱ ደጋግሞ አየኝና «እትዬ፣ እርስዎ የውሃዋ አስቴር አይደሉም?» አለኝ።

«ነኝ» አልኩት።

«እንግዲያው አንድ ነገር ይንገሩኝ። የዓለም ባሕር ከፍ እያለ ነው ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ። ሶዶ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ይህን ያህል ከፍታ ላይ ናት ይባላል። ታዲያ ባሕሩ ከፍ ካለ እኛ ዝቅ አልን ማለት ነው?»

ደስ ከማለቴ የተነሣ መውረጃዬን አለፍኩት። ስንት ዓመት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም። ስብሰባ ላይ የሚጠየቀው ሪፖርቱ መቼ ይደርሳል የሚል ነው። «የተጻፈው ቁጥር አይቀየርም» አልኩት፤ «ከፍታችን የሚቆጠረው ድሮ ተለክቶ ከተወሰነ አማካይ ላይ ነው። ውሃው ራሱ ግን አዎ፣ በጥቂቱ ቀረብ ብሎናል። ሶዶ እስኪደርስ አንተ ልጆችህን ድረህ የልጅ ልጅ ታያለህ፣ አይዞህ።» ሳቀና ተመልሶ ቤቴ በር ላይ አወረደኝ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ነው።

የተወለድኩት ደሴ ነው። ሶዶ የመጣሁት የውሃ ከፍታ ለኪ ተብዬ ተመድቤ፣ አንድ ሻንጣ ይዤ፣ ወላይትኛ አንድም ቃል ሳላውቅ ነበር። የቀጠረኝ ሰው «ዋና ትችያለሽ?» ሲለኝ «አልችልም፣ ግን ስጮህ ከሩቅ ይሰማል» ብዬው ነበር። መልሴ ቀልድ መስሎት ሳቀ። በኋላ እንደታየው ግን ለሥራው ከዋና ይልቅ ጩኸት ነበር የሚያስፈልገው።

ከጋሽ ሳህሌ ሥር ተመደብኩ። ቤተሰቦቻቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ገበያ አጠገብ ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ ወንድሞቻቸው ሁሉ ነጋዴ ሲሆኑ እሳቸው ብቻ ውሃ ይለካሉ። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ደሴ» ነኝ። «ደሴ፣ ነይ! ደሴ፣ ጫማሽን አውልቂ!»

መጀመሪያ ይዘውኝ የሄዱት ወደ አባያ ሐይቅ፣ ሁምቦ በኩል ነው። የአገሬው ሰው በአማርኛ ሲጠራው «ባሕሩ» ይለዋል፤ ውሃው ቀላ ያለ ነው፣ ከየኮረብታው የታጠበው አፈር ሁሉ እዚያ ነው የሚገባው። እኔ ከመኪና ወርጄ በውሃው ስፋት አፌን ከፍቼ ስቆም ጋሽ ሳህሌ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው ወደ ኮረብታው መሄድ ጀመሩ። ተከተልኳቸው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ በሲሚንቶ የተያዘች፣ አናቷ ላይ የነሐስ ምስማር ያለባት ድንጋይ አለች። ከቦርሳቸው ትንሽ መጥረጊያ አውጥተው ጠረጓትና «እንደምን ከረምሽ?» አሏት። እኔን የሚሉኝ መስሎኝ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

«አንቺን አይደለም» አሉኝ። «ውሃ ወጣ፣ ውሃ ወረደ ከማለትሽ በፊት መሬቱ ባለበት መኖሩን ጠይቂ። የሚንቀሳቀሰውን በሚንቀሳቀስ ነገር ከለካሽ ምን ታውቂያለሽ?»

ሥራው ይኸው ነው። ዳር ላይ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ውሃው ውስጥ ተተክሏል። ግን ሰሌዳ ይሰምጣል፣ ይዘማል፣ ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን ያስርበታል፣ ጉማሬ ይታከክበታል። ስለዚህ ሌቭል የምንለውን መነጽር በሦስት እግሩ ላይ አቁመን፣ በመስታወቷ ውስጥ ያለችው የአየር አረፋ መሃል ላይ እስክትቀመጥ እናባብላታለን። ከዚያ አንዱ ቁጥር ያለበትን ረጅም ዘንግ ድንጋዩ ላይ ያቆማል፣ አንዱ በመነጽር ያነባል፤ ዘንጉ ወደ ሰሌዳው ይወርዳል፣ እንደገና ይነበባል። ከዚያ፣ ጋሽ ሳህሌ ነፍሳቸውን የሚሰጡበት ነገር፣ እየለካን ተመልሰን ወደ ድንጋዩ እንወጣለን። ተመልሰን ስንደርስ ቁጥሩ ከተነሣንበት ጋር ካልገጠመ እንደ አዲስ ነው። «መዝጋት» ይሉታል። ዝናብ ቢመጣ፣ ሹፌሩ ቢቆጣ፣ ምሳ ቢያልፍ ሳይዘጉ አይሄዱም። ቢሮ ስንመለስ ደግሞ ገና በሩን ሳልገባ «ዘጋሽ?» ይሉኛል፣ አብረን የዘጋነውን።

ሌላም ሕግ ነበራቸው። ሞገድ ሲኖር የላይኛውንም የታችኛውንም አይተሽ መሃሉን ትይዣለሽ። የያዝሽውን ቁጥር ግን አትጽፊውም። ጮክ ብለሽ ትናገሪዋለሽ፣ ሌላው ሰው ራሱ አይቶ ይናገረዋል፣ ሁለቱ ድምፅ ሲገጥም ብቻ «ጻፊው» ይሉኛል። «አንድ ዓይን ብቻውን የሚመኘውን ነው የሚያነበው» ይሉ ነበር። ጩኸቴ የጠቀመኝ ያኔ ነው። ዳር ላይ ቁጥር ስንጠራራ ዓሣ አጥማጆቹ ጨረታ ላይ ያለን ይመስላቸው ነበር።

ሐይቁ ላይ ብቻ አልቀረሁም። ቤሌ ተመድቤ ወንዝ ለካሁ፤ አበሉ ሲዘገይ የቤሌ ባለ ሻይ ቤቶች በዱቤ እያበሉ አቆዩኝ። ቢጠና ሳለሁ አንድ ክረምት ጎርፍ ሰሌዳዬን ነቅሎ ወሰደው። ስፈልገው ቆይቼ አንዲት እናት ቤት በር ላይ ተቸንክሮ የልጆቿ ቁመት ሲለካበት አገኘሁት። ለማስመለስ አልደፈርኩም፤ እኔ ዘንድ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ እዚያ በፍቅር ይነበብ ነበር። ውሃ የሚፈሩ አለቃም ነበሩን። ለቁጥጥር ሲመጡ ከመኪናው አይወርዱም፤ መስኮቱን በትንሹ ከፍተው «ውሃው አለ?» ይላሉ። «አለ» እንላለን። «በጣም ጥሩ!» ብለው ይሄዳሉ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ሞምባሳ ለሥልጠና የተላክሁበት ጊዜ ነው። ባሕር ያየሁት ያኔ ነው። እንደደረስኩ ጫማዬን አውልቄ ገባሁና እግሬን ነከርኩ። ሶዶም፣ ደሴም፣ አገሬ ያሉ ተራሮች ሁሉ ቁመታቸው የሚቆጠረው ከዚህ ነው ብዬ ዜሮን በእግሬ የረገጥኩ መስሎኝ በደስታ አለቀስኩ። ከምሳ በኋላ ተመልሼ ብመጣ ዜሮዬ የለም! ውሃው ሸሽቶ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተጋድመዋል። ሮጬ ስልክ ቤት ገባሁ። «ጋሽ ሳህሌ፣ ባሕሩ ራሱ አይቆምም!» አልኳቸው። በስልኩ ውስጥ ሲስቁ ሰማኋቸው። «ድንጋያቸው የት እንዳለች ጠይቂ» አሉኝ።

ነበራቸው። የኛኑ የመሰለች፣ ወደቡ ላይ። ባሕሩ በጨረቃና በፀሐይ ስበት በየቀኑ ወጣ ገባ ይላል፤ ነፋስ ይገፋዋል፤ የአየር ግፊት ይጫነዋል። ስለዚህ ለዓመታት ያለማቋረጥ ይለኩና ያንን ሁሉ ወጣ ገባ አማክለው «የባሕር ወለል» ይሉታል። ያ አማካይ ደግሞ ራሱ ይለወጣል። ውሃ ሲሞቅ ድስት ላይ እንዳለ ወተት ከፍ ይላል። በየብስ ላይ የተከመረ በረዶ ሲቀልጥ ወደ ባሕር ይወርዳል። በጥንት ዘመን ያ ሁሉ ውሃ በረዶ ሆኖ የብስ ላይ ታስሮ ሳለ ባሕሩ ከዛሬው በጣም ዝቅ ያለ ነበር፤ ሰው ዛሬ ጀልባ በሚሄድበት በእግሩ ሄዷል። መሬቱም ዝም ብሎ አይቀመጥም። የበረዶው ሸክም የወረደለት አገር ቀስ እያለ ቀና ይላል፣ እዚያ ባሕሩ የሸሸ ይመስላል። ለስላሳ ደለል ላይ የተሠራ ከተማ ይሰምጣል፣ እዚያ ባሕሩ የመጣ ይመስላል። አስተማሪው ይህን ሲናገር እኔ ብቻዬን ሳቅሁ። ጋሽ ሳህሌ ባሕር አይተው የማያውቁ ሰው፣ በመጥረጊያቸው ይህንኑ አስተምረውኝ ነበር።

ከሞምባሳ እንደ ጣዎስ ኮርቼ ተመለስኩ። አባያም ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር። ምክንያቱ ከባሕሩ ይለያል፤ የኛው ዝናብ ነው፣ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍና ደለል ነው። እኔም በየመንደሩ እየዞርኩ እናገር ጀመር። ከሁሉ አብልጬ የነገርኳቸው አቶ ዳልኬን ነው። ሰሌዳው የተተከለው ማሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። አቶ ዳልኬ ወላይትኛ ስናገር ሆዳቸውን ይዘው ስለሚስቁ በአማርኛ ያወሩኛል፤ በእሳቸው አማርኛ ደግሞ እኔ ወንድ ነኝ። «አንተ መጣህ አስቴር? ሳሮ፣ ሳሮ!» እያሉ በወላይትኛ ሰላም ይሉኛል፤ ዓሣ ጠብሰው በሚያቃጥል ዳጣ ያበሉኛል።

«አቶ ዳልኬ» አልኳቸው አንድ ጊዜ፣ «በዚህ ክረምት ውሃው አንድ ክንድ ያህል ሊጨምር ይችላል። በቆሎውን ከፍ አድርገው ይዝሩ።»

«እሺ እሺ፣ አንድ ክንድ። ምን አለው?» አሉኝ።

ጨመረ። እንዳልኩትም አንድ ክንድ ያህል። ስንመለስ አቶ ዳልኬ ከነሚስታቸው ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው ያልደረሰ በቆሎ ይሸመጥጡ ነበር። ማሳው ሁሉ ሐይቅ ሆኗል። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር። ወደ ዳር ወጡና የቀኝ ክንዳቸውን ዘርግተው አሳዩኝ።

«አንድ ክንድ ነው ያልከኝ። ክንድ ማለት ይሄ ነው። እኔ ሁለት ክንድ ለቅቄ ዘራሁ፣ ላንተ ብዬ። ይሄ ባሕር ግን ቤቴ መጣ።»

እኔ የተናገርኩት ወደ ላይ ነበር። እሳቸው የሰሙት ወደ ጎን። ሜዳ ላይ ውሃ በቁመት አንድ ክንድ ሲጨምር ወደ ጎን ስንት ማሳ እንደሚሄድ ለእኔ ግልጽ ስለነበረ መናገር እንዳለብኝ አልታየኝም። ልኬቴ ትክክል ነበር፣ ለአንድ በቆሎ አገዳ እንኳን አልጠቀመም። በዚያ ቀን ያዘንኩትን ያህል በሥራዬ አዝኜ አላውቅም።

ሶዶ ስመለስ ጋሽ ሳህሌን ከቤተሰቡ ሱቅ አገኘኋቸውና ነገርኳቸው። አላጽናኑኝም። የጀመሩትን ሻይ ከብርጭቆው ወደ ሰፊ ትሪ ገለበጡት። ሻዩ ትሪውን ሞልቶ ወንድማቸው የዘረጋው ጨርቅ ላይ ሄደ፤ ወንድምየው ጮኸ። «ብርጭቆው ያንቺ ቁጥር ነው» አሉኝ። «ትሪው የሰውዬው ማሳ ነው። ሁልጊዜ በብርጭቆ ነው የነገርሽው።»

እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ እኔ ቀረሁ። ሐይቁም መውጣቱን ቀጠለ። ሰሌዳውን እየነቀልን ወደ ዳር እናስጠጋለን፣ ሁልጊዜም ከድንጋይዋ ጋር እያገናኘን። ከዚያ አንድ ቀን ወሬ ሰማሁ። መንደሩ በመዋጮና በጉልበት ትምህርት ቤት ሊሠራ ነው፤ ቦታውን የሰጡት አቶ ዳልኬ ናቸው፣ ከተረፈችው መሬታቸው። ልጆቹ ሩቅ እየሄዱ ስለተቸገሩ፣ አቶ ዳልኬም በቆሎው ከሄደ በኋላ መንደሩ በሙሉ ያዘነላቸው ሰው ስለነበሩ፣ ስጦታው ክብራቸውን መልሶላቸዋል። ቆርቆሮው ሳይቀር ተገዝቷል። ቦታውን አየሁት። ከሐይቁ በኩል ስታዩት ከፍ ያለ ጉብታ ከፊቱ አለ፤ የሚያስተማምን ይመስላል። እኔን ግን ከጉብታው በስተጀርባ ያለው ነገር አላስተኛኝ አለ። ዓይኔ ዝቅ ያለ ነው ይለኛል። ዓይን ደግሞ አይታመንም።

አቶ ዳልኬን ሄጄ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ባሕሩ በቆሎዬን ወሰደ። አሁን አንተ ስሜን ልትወስድ ነው?» አሉኝ። ቁጥር ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። «አቶ ዳልኬ፣ ምንም አልነግርዎትም። ሰዉ ዱቡሻ ላይ ሲሰበሰብ አንድ ቀን ብቻ ይስጡኝ» አልኳቸው።

ዱቡሻ የመንደሩ ሽማግሌዎች ነገር የሚጨርሱበት ሰፊ ሣር ሜዳ ነው። ያን ቀን የመጣውን ሕዝብ ሳይ ፈራሁ። ሌቭሌን ከሜዳው በላይ ካለችው ድንጋይዋ አጠገብ ተከልኩና እንዲህ አልኩ፤ «ውሃው ይመጣል አልልም፣ አላውቅም። ግን አሁን ካለበት በቁመት አንድ ክንድ ከጨመረ የት የት እንደሚደርስ አውቃለሁ። ዛሬ ባሕሩ እናንተ ናችሁ።»

ባልደረባዬ ተስፋዬ ዘንጉን ይዞ ወረደ። እኔ በመነጽር እያየሁ «ውጣ! ውረድ! ትንሽ! ቁም!» እላለሁ። ቁጥሩ የፈለግኩት ላይ ሲደርስ እዚያች ነጥብ ላይ አንድ ሰው ይቆማል። ከዚያ ሌላ ነጥብ፣ ሌላ ሰው። መጀመሪያ ሰዉ ተሽኮረመመ። ትንሽ ቆይቶ ቀልዱ ጀመረ። አንዱ ነጥቡ ጓሮው መሃል ሲወድቅ «ጎመኔን ዓሣ በላው!» ብሎ ጮኸ። ባልና ሚስት ነጥባቸው አልጋቸው ትይዩ ሆኖ መንደሩ በሳቅ ሞተ። እናቶች መዝፈን ጀመሩ። መስመሩ እየረዘመ፣ እየተጠማዘዘ፣ የሰው ዳርቻ ሆኖ ሄደ።

አቶ ዳልኬ ብቻቸውን የትምህርት ቤቱ ቦታ ላይ በትራቸውን ተክለው፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አድርገው ቆመዋል። መስመሩ ከጉብታው በታች ሲያልፍ አዩና «አያችሁ? እዚህ አይመጣም!» አሉ። መስመሩ ግን ጉብታውን ዞረ፣ በፈሰስ በኩል ገባ፣ ታጠፈ። አቶ ዳልኬ ከጀርባቸው ሳቅ ሰምተው ዞር ሲሉ ጎረቤቶቻቸው ከኋላቸው በተርታ ቆመዋል።

«ከኋላዬ ምን ትሠራላችሁ?»

«ባሕር ነን፣ ዳልኬ! ከበብንህ!»

ወዲያው ሁሉም የሳቀበት ነገር ምን እንደሆነ ገባው። አቶ ዳልኬ የቆሙበትን መሬት አዩ፣ ወደ ሐይቁ አዩ፣ ከኋላቸው ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ አዩ። የእኚህን ሰው ክብር በሰው ሁሉ ፊት ያፈረስኩ መሰለኝ። ከዚያ አቶ ዳልኬ በትራቸውን ነቀሉና ራሳቸውን ይዘው ጮኹ።

«እኔን ብሎ ሰጪ! ለዓሣ ነው ትምህርት ቤት የሰጠሁት!»

እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። እያሳቁን እሳቸውም እንባቸው ወረደ። በላይኛው በኩል መሬት ያላቸው ወይዘሮ ማርታ የሚባሉ እናት ከመስመሩ ወጡና «ዳልኬ፣ ያንተን ለከብቶቼ ሣር ስጠኝ፣ እኔ ከፍ ያለውን ለልጆቹ እሰጣለሁ። ስጦታው ግን ያንተ ነው፣ ሁሉም ያውቃል» አሉ። ሽማግሌዎቹ እዚያው ጨረሱት። ያን ዕለት የበቆሎና የጎመን ፎሰሴ ተበላ፣ ተዘፈነ፤ እኔም ወላይትኛ ዘፈንኩ፣ አቶ ዳልኬም ሳቁ። በማግስቱ እያንዳንዱ ሰው የቆመበት ነጥብ ላይ የሽፈራው ዛፍ ተከለ፣ መስመሩ እንዳይረሳ። አለቃችን ለቀኑ ነዳጅ ተቆጡ። ይቆጡ።

የመጨረሻ ልኬቴን ከመሰናበቴ በፊት ለማድረግ ስወርድ ተስፋዬ ስብሰባ ተጠርቶ ስለነበረ ብቻዬን ሄድኩ። ከላይ፣ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሲቆጥሩ ይሰማል። ሐይቁ ያን ሁሉ ዓመት ቀስ እያለ መጥቶ ጉብታውን ደሴት አድርጎታል። አቶ ዳልኬ አርጅተዋል፤ ከሽፈራው ዛፋቸው ሥር እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«አስቴር! አንተ መጣህ? ወጣ ወይስ ወረደ?»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ድንጋይዋን ልጠይቅ» አልኳቸው።

ተነሥተው እያጉረመረሙ ዘንጉን ያዙልኝ። ድንጋይዋን ጠረግኩ፣ ወረድን፣ ተመልሰን ወጣን፣ ገጠመ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ሄድን። እኔ ገና የዓይን መነጽሬን ሳላደርግ አቶ ዳልኬ ሞገዱን ላይና ታች አይተው ቁጥሩን ጮክ ብለው ጠሩ። ለዓመታት ስንጮህ ሰምተውናል። እኔም አየሁ። ያው ነበር። ተናገርኩት።

ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ጋሽ ሳህሌ ልጃቸው ቤት ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው።

«ጋሽ ሳህሌ፣ የመጨረሻዬ ነው።»

«ድንጋይዋስ?»

«አልተነቃነቀችም።»

«ዘጋሽ?»

«ዘጋሁ።»

«ሁለተኛው ድምፅ ማነው?»

ስልኩን ለአቶ ዳልኬ ሰጠኋቸው። አፋቸው ላይ ደቅነው፣ ሐይቁን ሁሉ በሚያሰማ ድምፅ ቁጥሩን ጠሩ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ጨመሩ፤ «ይሄ ወደ ላይ ነው! ወደ ጎን ሌላ ነው። ለኔ ዛፍ አንድ በትር ያህል ቀርቶታል፣ ልጆቹ ጋ ግን አይደርስም!»

ስልኩን መልሼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

«ደሴ» አሉኝ፤ «ጻፊው።»